አሥራ አራት ብር የከፈልኩባት አንድ ብር

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ከደብረ ማርቆስ ልጆች ሁሉ ሀብታሟ እኔ ነበርኩ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የኬንያ፣ የጅቡቲ፣ የየመን፣ የሕንድ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው የጣሊያን ሊሬ፣ ሌላም ሌላም ተደምሮ ዘጠኝ የወረቀት ገንዘብ ነበረኝ። ሁሉም በአንድ ወፍራም ደብተር ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ተሰጥቶት፣ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ያገሩ ስም ተጽፎለት ይኖር ነበር። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሀብት አንዲት ከረሜላ መግዛት አልችልም። የሰፈር ልጆች በዚህ ሲያበሽቁኝ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ "ከረሜላ ማንም ይገዛል፤ የየመን ገንዘብ ያለው ማነው?" ብያቸው አልፍ ነበር።

የዚህ ሁሉ ሀብት ምንጭ የጋሽ ኑሩ ሱቅ ነው። ጋሽ ኑሩ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የአባቴን ምሳ ይዤ የምሮጠው ወደዚያ ነው። ያልታጠበ የአቡጀዲ ሽታ፣ የመኪና ዘይት፣ በከሰል ካውያ የተተኮሰ የሱፍ ኮት ሙቀት እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚናገረው መኪናው ነበር፤ እሱ ክር በከንፈሩ ይዞ "እህ" ካለ ብዙ ተናገረ ማለት ነው። ሰው በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዕድር ላይ እንኳ ሐሳብ ስጥ ሲሉት አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሰም ያደርጋል፤ አንተ ተናገርልኝ ማለቱ ነው።

ጋሽ ኑሩ ከባንኮኒያቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው። አባታቸው መተማና ጅቡቲ እየተመላለሱ ሲነግዱ የተራረፈ የየአገሩ ገንዘብ ነው የሞላበት። የገዛ ልጆቻቸው ዞር ብለው ስላላዩት የእኔ መውደድ ደስ ያሰኛቸው ነበር። ግን ነጋዴ ናቸውና በነፃ አይሰጡም፤ "በነፃ ከሰጠሁሽ ለወንድሞችሽ ጀልባ ትሠሪበታለሽ" ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ገንዘብ ከቆርቆሮው አውጥተው የባንኮኒው መስታወት ላይ ይደረድሩና "ምረጭ" ይላሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ ለዚያውም ለምን እንደመረጥኩት ተናግሬ። "ስለሚያምር" ማለት አይበቃም። "እሱማ አበባም ያምራል" ብለው ብሩን ወደ ቆርቆሮው ይመልሱታል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሒሳብ እየተማርኩ ሳይቀር፣ ምክንያት ፍለጋ ስባዝን እከርም ነበር።

በዚያ ዓመት ለአዲስ ዓመት ከሰፈር ልጃገረዶች ጋር ቤት ለቤት ዞረን ዘፍነን፣ የደረሰኝን አሥራ አራት ብር በመሐረብ ቋጥሬ አስቀመጥኩ። አሥረኛውን ለመምረጥ ግን ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ልቤ አንድ የድሮ የሱዳን ገንዘብ ላይ ወደቀ። በጀርባው ግመል የተቀመጠ ሰው አለ፤ ጋሽ ኑሩ ደብዳቤ አድራሽ ነው አሉኝ። ዋጋው አሥራ ሁለት ብር ነው። ኅዳር ላይ አንድ ማክሰኞ ምሳ ላደርስ ስሄድ ምክንያቴን ነገርኳቸው፤ ሌሎቹ ገንዘቦች ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዝም ብለው ያዩኛል፣ ይሄኛው ብቻ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ጋሽ ኑሩ መነጽራቸውን አውልቀው ግመሉን እንደ አዲስ አዩት።

"ይሄ ምክንያት ነው" አሉ። "ግን አንድ አስተማሪም ጠይቆኛል። እስከ ቅዳሜ ላንች አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

ገንዘቡ ቤት ስለነበር፣ ቅዳሜም ሩቅ ስላልነበር፣ እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የስብስቤ ራስ ግን ከጋሽ ኑሩ ቆርቆሮ አልመጣችም። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የነተበ ካፖርታቸው ገበሩ እንዲቀየርላቸው ለአባቴ አመጡ። አባቴ የድሮውን ገበር በምላጭ ሲተረትር ከውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈች አንድ ብር ወጣች። አረንጓዴ ናት፤ በስተቀኟ የንጉሡ ምስል አለባት፣ በጀርባዋ አንበሳ። ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። "ሚስቴ ናት! ከእኔ ስትደብቅ ነው እዚህ የሰፋቻት" አሉ። ሴትዮዋ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ብሯም ከጥቅም ከወጣች ቆይታለች። አጠገባቸው ሜትር ይዤ ቆሜ ነበርና "እንች፣ አንች ያዣት" ብለው ሰጡኝ። ያን ሁሉ ዘመን እጅ ስላልነካት ጥርት ያለች ነበረች። ደብተሬ የተጀመረው በሷ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽም የሷ ነው።

ግመሉን በመረጥኩበት ሳምንት ሐሙስ የሰፈራችን ማርያም ዓመታዊ በዓል ነበር። ያን ሰሞን የጠዋቱ ብርድ ጣት ይቆርጣል፣ ከከተማው ዳር ጤፍ ይታጨዳል፣ ሰው ሁሉ ነጭ ልብሱን ያጥባል። በእኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ብር ይመረጣል። የተጨማደደውን፣ የተቀደደውን፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተውን ለገበያ ትቶ ንጹሑን ለታቦት ማስቀመጥ ወግ ነው። እናቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ ደህና ብር ባገኘች ቁጥር እንዲቃና ፍራሽ ሥር ታስተኛው ነበር። በበዓሉ ቀን ዲያቆናት ጥላ ገልብጠው በሕዝቡ መሃል ሲዞሩ ያ የተመረጠ ብር ወደ ጥላው ይገባል።

የአባቴ አክስት እማሆይ አጸደ በዓሉን ሊያነግሡ ከዲማ በኩል መጡ። ሰባን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና መነኩሲት ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው "ደከመዎት?" ሲሏቸው የሚቆጡ ዓይነት። ዋዜማውን እኛ ቤት አድረው ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኛም ሲነጋ ተከተልናቸው። ስለ በዓሉ ብዙ አላስታውስም። የማስታውሰው ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ደብተሬን ስገልጥ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የንጉሡ ብር የለችም። በቦታዋ ያ በየሰው ኪስ ያለው፣ የልጅ ፊት ያለበት የጊዜው አንድ ብር ተጋድሟል።

እማሆይ መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሹ ነበር። ደብተሩን እንደያዝኩ ፊታቸው ቆምኩ።

"እማሆይ፣ ከዚህ ብር ወስደዋል?"

"ወስጃለሁ" አሉ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ። "መጽሐፌን ላስቀምጥ ብየ ደብተሩን ባነሳው ወደቀች። ምነው፣ ምን አጎደልኩብሽ? ብር ወስጀ ብር አስቀመጥኩ።"

"ይሄ እኮ የሷ ምትክ አይሆንም! እሷ የንጉሡ ብር ናት!"

"እሱን አይደል የምልሽ! እኔ የያዝኩት የተጨማደደ ነው። እሱን ለእመቤቴ እንዴት ብየ ልስጥ? የንጉሡን ብር የመሰለ ብር ደግሞ የት ይገኛል? በሷ ቢጤ በሬ ሲገዛ አይቻለሁ እኔ።"

ያን ጊዜ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እማሆይ ምንም አላጠፉም። በሳቸው ዓይን እውነተኛው ብር የድሮው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ለጊዜው የተተካ ወረቀት ነው። ከቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለውን መርጠው ለሚወዷት ሰጡ፣ ለእኔም ምትክ ትተው። የጎደለውን ማስረዳት አቃተኝና ማልቀስ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እጠይቃለሁ ብል "የተሰጠ ነገር አይጠየቅም፤ አርፈሽ ተቀመጭ" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ለቅሶዬ ሲበዛባቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

አርብ ማታ አባቴ ወሬ ይዞ መጣ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ብሯን ከጥላው ውስጥ አግኝተዋታል፤ ባንክ አይቀበላትምና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ ልትሸጥ ነው። በየዓመቱ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሁድ በስጦታ የመጣው በግ፣ ጥላ፣ ምንጣፍ ለሕዝቡ በጨረታ ይሸጣል፤ የዚያ ዓመቱ ገቢ የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት ቤት፣ ለሚያፈሰው የቤተልሔሙ ጣራ ነበር። አባቴ ይሄን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ የአንድ ወር ንግግሩን የጨረሰ መሰለኝ። አሥራ አራቱን ብር ምን ላድርግበት ብዬ ብጠይቀው "ያንች ነው፤ አንች ታውቂያለሽ" አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ወደ ጋሽ ኑሩ ከሄድኩ ግመሉ በእርግጥ የኔ ነው። ግን ሁለት ብር ብቻ ይተርፈኛል፤ በሁለት ብር ደግሞ ጨረታ አይገባም። ግመሉን ከተውኩ ቅዳሜውኑ አስተማሪው ይወስደዋል፤ እሁድ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ያለው ሰው ከመጣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። በዚያች ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ አብራኝ የምትተኛው እህቴ ትመስክር።

ቅዳሜ ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ ኑሩ ግመሉን አስቀድመው መስታወቱ ላይ አውጥተውልኛል። መሐረቤን አጠገቡ አስቀመጥኩና እጄን ከላይ ጭኜ የሆነውን ነገርኳቸው።

"ይሄ በእጅሽ የገባ ነው" አሉኝ ግመሉን በጣታቸው እየነኩ። "ያች ግን ማን ያውቃል? አንድ ኪሱ የሞላ ሰው ከመጣ አሥራ አራት ብር ምን አላት?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ ምክንያትሽ ምንድን ነው?"

"ግመሉን ሌላ ሰው ቢወስደው አዝናለሁ። እሷን ሌላ ሰው ሲወስዳት ግን ዝም ብዬ ማየት አልፈልግም።"

እንደማንም ደግ ሰው "በይ እስከ ሌላ ቅዳሜ አቆይልሻለሁ" ይሉኛል ብዬ በልቤ ተስፋ ማድረጌን አልደብቅም። አላሉም። ቃል ቃል ነው፤ አስተማሪውንም ቅዳሜ ብለውታል። "በይ፣ አላህ ያሳካልሽ" ብለው ግመሉን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። በረንዳው ላይ የአባቴ መኪና ድምፁን አቁሞ ነበር፤ ስወጣ እንደገና መሽከርከር ጀመረ።

እሁድ ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ተሰበሰበ፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል። ጨረታውን የሚመሩት አቶ እጅጉ የሚባሉ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ናቸው፤ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚናገሩት ከግቢው ውጭ ይሰማል። በዚህ ጨረታ ላይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ያሸነፈ ሰው ከፍሎ ዕቃውን ይቀበልና ከፍ አድርጎ አሳይቶ "መልሼ ለእመቤታችን ሰጥቻለሁ!" ይላል። ሴቶች እልል ይላሉ፣ ዕቃውም እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። የግድ አይደለም፤ ግን የማይመልስ ሰው በሳምንቱ የሰፈር ወሬ ይሆናል። በዚያ ቀን አንድ ምንጣፍ አራት ጊዜ ሲሸጥ ቆጥሬያለሁ።

ከዚያ የኔዋ ወጣች። አቶ እጅጉ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከፍ አደረጓት።

"የሰጠውን ሰው እመቤቴ ትስጠው! የንጉሡ ብር ናት፤ እዩዋት፣ ትናንት የታተመች ነው የምትመስለው። ማን ይጀምራል?"

"ሃያ!" አለ አንድ ሰው፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት። አቶ ዳኘው ናቸው፣ የሆቴል ቤት ባለቤቱ። ግድግዳቸው ላይ በመስታወት ሊሰቅሏት እንዳሰቡ በሰፈሩ ተወርቷል። አንድ እህል ነጋዴ ሃያ አምስት አለ፣ እሳቸው አርባ አሉና አሸነፉ። በእጄ የያዝኩት ቋጠሮ ላብ በላብ ሆነ። አቶ ዳኘው ብሯን ተቀብለው ወደ ላይ አነሷት፣ ዓይናቸው አልለቀቃትም፣ ግን ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ "መልሼ ሰጥቻለሁ!" አሉ። እልልታው ሲቀልጥ እኔም ከማንም በላይ እልል አልኩ።

በሁለተኛው ዙር እህል ነጋዴው በሠላሳ ብር ወሰዳትና እሱም መለሰ። በሦስተኛው ዙር ሰው ደክሞታል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ያዋጣ ሁሉ አዋጥቷል። አቶ እጅጉ "ማን ይጀምራል?" ቢሉ ዝም። ደግመው ሲጠይቁ ከዳር አንድ ሰው "አምስት" አለ። ተነሣሁ።

"አሥራ አራት!"

ድምፄ ቀጭን ስለነበር ከየት እንደመጣ አላወቁትም። ሲያዩኝ ሳቁ። አንድ ሰውዬ ግን "ልጅ ምን ጥልቅ አደረጋት? ጨረታ መጫወቻ ነው እንዴ!" ብሎ ተቆጣ፤ አንዳንዱም ልክ ነው አለ። አቶ እጅጉ አንገታቸውን ወደ እኔ ሰገግ አደረጉ።

"የማን ልጅ ነሽ? ከፋይ አለሽ?"

ስሜን የጠየቁኝ ቢሆን እንኳ የምመልስ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ከወንዶቹ በኩል "የኔ ናት!" የሚል ድምፅ መጣ። የማላውቀው ሰው ድምፅ መስሎኝ ዞርኩ። አባቴ ቆሟል። ነጠላው ከትከሻው ወርዷል፣ እጆቹ የት እንደሚያርፉ አጥተዋል፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"የኔ ልጅ ናት። ገንዘቡም የራሷ ነው። የጠራችውን ትከፍላለች።"

ይሄን ብሎ ቁጭ አልልም አለ፤ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። አቶ ዳኘው አፋቸውን ከፈት አድርገው ወደ አባቴ አዩና መልሰው ዘጉት። አሥራ አራት አንድ ጊዜ፣ አሥራ አራት ሁለት ጊዜ፣ አሥራ አራት ሦስት ጊዜ ተባለ። ወደ ፊት ሄጄ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈትቼ ከፈልኩ። ብሯ እጄ ገባች።

አሁን የቀረው መመለስ ነው። ሴቶቹ እልልታቸውን አዘጋጅተዋል። አቶ እጅጉ ጎንበስ ብለው "በይ፣ መልሼ ሰጥቻለሁ በይ" ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ከፊት ረድፍ እማሆይ አጸደ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ያን ያህል ሰው አንድ ነገር ከእኔ ጠብቆ አያውቅም ነበር፤ የጠበቀውን ማድረግም ቀላል ነበር። አንዴ ከመለስኳት ግን የምጫረትባት አንድ ሳንቲም እንደሌለኝ አውቃለሁ። ብሯን አየኋት።

"አልመልስም" አልኩ።

"ምን አለች?" "አልመልስም ነው የምትል!" ሹክሹክታው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ያ ቅድም የተቆጣው ሰውዬ እንደገና ሊነሣ ሲል እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ተውዋት!" አሉ። "መጀመሪያም የሷ ነበረች። ከደብተሯ አውጥቸ ሳልጠይቃት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ያላትን ሁሉ ከፈለች። ሁለት ጊዜ የሰጠችን ልጅ ሦስተኛ ምን አምጭ ትሏታላችሁ?"

ከዚያ እልልታው መጣ። ምንጣፉ አራት ጊዜ ሲሸጥ ያልተሰማ እልልታ ነበር፤ አቶ እጅጉም እየሳቁ ራሴን ዳበሱኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ በሰዉ መሃል ወጣሁ። አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ወደ ቤት ስንሄድ እጁን ከትከሻዬ ላይ አላነሳም። በራችን ጋ ስንደርስ ቆም ብሎ "አሥራ አራት ብር ለአንድ ብር!" አለና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም።

ግመሉን አስተማሪው ወስዶታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኑሩ "አንችን ነጋዴ ማድረግ የማይቻል ነገር ነው" ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከባንኮኒው ሥር አውጥተው ክዳኑን ሳይነኩ ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምከፍተው ራሴ ነበርኩ።

አሁን እዚያው ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አልበም አለኝ፣ የላስቲክ ኪስ ያለው፤ የንጉሡ ብር ከነእጥፋቷ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናት። የሚቀጥለውን ለመምረጥ ቅዳሜ መጠበቅ ቀርቷል። ሻጮች በስልክ ሃያ ፎቶ በአንድ ጊዜ ይልኩልኛል፣ ዋጋው ከሥሩ ተጽፎ፤ ለምን እንደመረጥኩት የሚጠይቀኝ የለም። ልጄ ለእርሳስ ስትጠይቀኝ እንኳ ብር አልሰጣትም፣ በስልኬ እልካለሁ። እሷና ጓደኞቿ ብርን በቁጥሩ እንጂ በመልኩ አያውቁትም፤ አንዳንዴ አዝንላቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እነሱም የራሳቸው ነገር ይኖራቸዋል ብዬ እተወዋለሁ። አልበሜ እንደ ሌሎቹ ሰብሳቢዎች አልበም ወፍራም አይደለም። አንድ ብር ሲያምረኝ ያን ዐውደ ምሕረት አስብና ያለኝን ሁሉ እከፍልበት ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ብዙውን አልፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አባቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ጋሽ ኑሩ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሱቁን የያዙት ልጆቻቸው በረንዳውን አልከለከሉትም ነበር፣ ዓይኑ ነው የከለከለው። የመጨረሻ ሥራው የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ጫፍ ነው፤ ክሩን እኔ አስገባሁለት፣ እሱ ሰፋው። ልጅቷ ሃምሳ ብር ከፈለችው። መኪናውን በአቡጀዲ ከሸፈነ በኋላ ብሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ "ስትገቢ ዳቦ ግዢበት" አለኝ። በዚያው ቀን አንድ ሻጭ ስንት ዓመት የፈለግሁትን የድሮ ብር ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ እስከ ማታ ካልወሰድሽው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። ገንዘቡም ነበረኝ። ማታ አልበሙን ገልጬ ለሱ ባዶ የተውኩትን ኪስ ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ከዚያ ሃምሳዋን ብር አስገባሁበት።

ዳቦውን በስልኬ ገዛሁ። ሰብሳቢ ጓደኞቼ ቤት መጥተው አልበሙን ሲያገላብጡ እዚያ ገጽ ላይ ይቆማሉ፤ አጠገቡ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ግራ ይገባቸዋል። "ይሄ እኮ ማንም ኪስ ውስጥ ያለ ሃምሳ ብር ነው" ይሉኛል። አባቴ ጥግ ላይ ወንበሩን ይዞ ተቀምጧል፤ እንደሁልጊዜው ዝም ብሏል።

"የአባቴ ነው" እላቸዋለሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።